ጥር ላይ ተጋባን፣ ሰኔ ላይ ጅቡቲ ግቡ ተባልን

የገርጂ ሙሽራ | ግንቦት 12

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እኔ 26፣ ባለቤቴ 29። የተጋባነው በጥር ነው። እሱ ትራንዚት ነው የሚሠራው፤ ቀኑ የሚያልቀው ሞጆና ቃሊቲ ሲመላለስ ነው። ባለፈው ሳምንት አለቃው ጠርቶ «ጅቡቲ ያለው ልጅ ለቋል፣ ለሁለት ዓመት አንተ ትሄዳለህ» አለው። ደሞዙ በዶላር ነው። የቤት ኪራይ ይከፍላሉ። የኔንም ወረቀት እንጨርሳለን ብለዋል።

ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር ምን እንደሆነ ለናንተ አልነግራችሁም። በዶላር የሚከፈል ሥራ እምቢ ብል ሰው ይስቅብኛል። ግን እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ አራት ዓመት የሠራሁበትን ቦታ ልለቅ ነው። ፈረንሳይኛ «ሜርሲ» ብቻ። ባሕር አይቼ የማውቀው ላንጋኖን ነው፣ እሱም ባሕር ከተባለ። እናቴ ስነግራት የምትከትፈውን ሽንኩርት አስቀምጣ «ሰው ከዚያ ሙቀት ይሸሻል እንጂ ይገባበታል?» አለችኝ። ባሌ ደግሞ ከአሁኑ የዋና ቁምጣ ገዝቷል።

ኖራችሁ የምታውቁት ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ። ሰኔ 20 እንድንገባ ነው የሚፈልጉት። ምን ልያዝ? ምን እንጠይቅ? አንዲት ሙሽራ እዚያ ቀኑን ሙሉ ምን ትሠራለች?

ፒኬ 12 | ግንቦት 12

ሰኔ?! ኧረ በሕግ አምላክ!

እኔ በገላፊ ድንበር ጅቡቲ 11 ዓመት የተመላለስኩ ሹፌር ነኝ። በሰኔና በሐምሌ እንኳን ሙሽራ ጎማም አይችለውም። ከዲኪል ወዲያ ጎማ ሲፈነዳ ወርደህ ክሪክ በባዶ እጅህ አትይዝም፣ ጨርቅ ጠቅልለህ ነው። የምንተኛው መኪናው ሥር ነው። ቁምጣውን በርታ በሉት።

ነጋድ | ግንቦት 12

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አላችሁ። ትዳራችሁን የአብርሃም የሣራ ያድርግላችሁ።

እኔ የድሬ ልጅ ነኝ። ጅቡቲ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ፤ የሄድኩትም እንዳንቺ በሙሽርነቴ ነው። «ቀፊራ ያደገ ሰው ሙቀት አይፈራም» እያልኩ ነበር። የድሬ ሙቀት ማታ ይለቅሻል። የጅቡቲው አይለቅም። ሐምሌ ላይ ቀን 41፣ 42 ዲግሪ ነው፣ ሌሊቱም ከ30 ብዙ አይወርድም። ካምሲን የሚሉት ነፋስ ከምድረ በዳው ሲነሳ የዳቦ ቤት ምድጃ በር ፊትሽ ላይ የተከፈተ ነው የሚመስልሽ። አቧራው ጥርስሽ ውስጥ ይገባል። የባሰው ደግሞ ነፋሱ ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ ያለው ወበቅ ነው። መስከረም ላይ ልብስሽ ከገላሽ አይላቀቅም። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ መጋቢት ግን ሌላ አገር ነው። ጥር ላይ ቀኑ 28፣ 29 ነው። ማታ ነጠላ ጣል አድርገሽ በረንዳ ላይ ትቀመጫለሽ።

ስለዚህ ሰኔ 20 አትግቢ። እሱ ይቅደም፣ አንቺ በጥቅምት ድረሺበት። ሰው ከተማን የሚጠላው ወይም የሚወደው በመጀመሪያው ወር ነው።

ሙቀቱን ግን ለመድኩት። ያልለመድኩት ቀኑን ነው። ልንገርሽ። እዚያ ቀን መሃሉ ላይ ይቆረጣል። ማለዳ 1 ሰዓት ላይ ከተማው ነቅቷል። 6 ሰዓት ሲሆን ሱቁ ሁሉ ይዘጋል። ወደ 7 ሰዓት ገደማ ከአወዳይ የተጫነው ጫት ይደርሳል፤ ጡሩምባ ትሰሚያለሽ፣ ወንዶች ሲሮጡ ታያለሽ፣ ከዚያ ጸጥ። እስከ 10 ሰዓት መንገዱ የቁራና የፍየል ነው። ባልሽ ሥራ ላይ ነው፣ መርከብ ምሳ ሰዓት አያውቅም። አንቺ መስኮት ዘግተሽ፣ መጋረጃ አውርደሽ፣ የኤሲውን ድምፅ እየሰማሽ ትቀመጫለሽ። የመጀመሪያውን ሳምንት ትተኛለሽ። ሁለተኛውን ፊልም ታያለሽ። በሦስተኛው ወር ባልሽ በሩን ሲከፍት «ለምን ቆየህ?» ብለሽ ታለቅሺያለሽ፤ እሱ ምን እንዳጠፋ አያውቅም። እኛ ቤት በገንዘብም በዘመድም ተጣልተን አናውቅም። የተጣላነው ከ6 እስከ 10 ሰዓት ባለው ነው።

ለነዚያ አራት ሰዓታት ሥራ ይዘሽ ነይ። የፈለገው ይሁን፣ ብቻ የራስሽ ይሁን።

ስለ ቤት ደግሞ። የመጨረሻው ፎቅ ርካሽ ነው ቢሏችሁ ምክንያት አለው። ጣሪያው ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊቱን ሙሉ ይተፋዋል። ሮቶውም እላይ ነው። ቀትር ላይ ቀዝቃዛውን ቧንቧ ስትከፍቺ ለሻይ የደረሰ ውኃ ይመጣል። እኛ ሌሊት በርሜል ሞልተን ቤት ውስጥ እናሳድር ነበር፤ ቀን የምንታጠበው በሱ ነው። የቧንቧው ውኃ ጨው ጨው ይላል። በሱ ቡና አፍልተሽ እንግዳ እንዳትጠሪ፣ እኔ ተዋርጄበታለሁ።

ትራንዚተሩ | ግንቦት 13

የባልሽ የሙያ ጓደኛ ነኝ፣ አራት ዓመት ጅቡቲ ዶራሌ ወደብ ሠርቻለሁ። ነጋድ የቤቱን ነገር ጨርሳዋለች። እኔ ስለ ውሉ ልናገር።

«ኪራይ እንከፍላለን» የሚል ውል መብራት ከሌለበት ግማሽ ውል ነው። የመጀመሪያ ድርጅቴ፣ ስሙ ይቅር፣ «የተሟላ ቤት» ብሎ አንድ ቬንትሌተር የተሰቀለበት ክፍል አስረከበኝ። ኤሲውን በራሴ ገዛሁ። የሐምሌው ቢል ሲመጣ የደሞዜን ሩብ ወሰደው። የሚያናድደው ደግሞ መብራቱ በአብዛኛው ከእኛው የሚሄድ መሆኑ ነው፤ ከ2003 ጀምሮ ኢትዮጵያ ትሸጥላቸዋለች። ዋጋው ግን የኛ ዋጋ አይደለም። እኛ ዘንድ ዋናው መስመር ሲወድቅ እዚያም የሚጠፋበት ቀን አለ። ያን ቀን ሁሉም ሰው ውጭ ነው፣ ፍራሽ ይዞ።

ገንዘቡን በተመለከተ ተረጋጉ። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 1 ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው፣ አይወጣም አይወርድም። በዶላርም በፍራንክም ቢከፍሉት ያው ነው። ደሞዙ በብር ተተምኖ «በዕለቱ ምንዛሪ» ከተባለ ግን እንዳትፈርሙ።

አንቺ እንደ ባለትዳር የምታገኚው ወረቀት የመኖሪያ ነው። ተቀጥሬ እሠራለሁ ካልሽ የሥራ ፈቃድ ለብቻው ይጠየቃል፣ ፈረንሳይኛ የማይጠይቅ የቢሮ ሥራ ደግሞ ጥቂት ነው። ይህን አውቀሽ ግቢ።

ባሕር በር | ግንቦት 13

ሰው በገዛ ወደቡ እንግዳ ሆኖ ኪራይ ይጠይቃል! መጀመሪያ ታሪኩን እንወቅ...

አወያይ | ግንቦት 13

ወንድሜ፣ የወደቡን ጉዳይ የሚያነሱ ሃያ ክሮች አሉ። ይህ የሁለት ሙሽሮች ነው። ቀጥሉ።

የቦሌ ሚካኤል | ግንቦት 14

ሰው ሁሉ የሚፈራውን እኔ ልበለው። አትሂጂ። ብቻውን ይሂድ። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ናት፣ በየሁለት ወሩ ይመጣል። አራት ዓመት የሠራሽበትን ወንበር ለቀሽ መጋረጃ ስር ልትቀመጪ? ከሁለት ዓመት በኋላ ስትመለሺ ማን ይጠብቅሻል? እኔ ለባሌ ብዬ አንዴ ለቅቄ አውቃለሁ። ባሌ ደህና ነው፣ ሥራዬ ግን አልተመለሰም።

ነጋድ | ግንቦት 14

እህቴ፣ ሥራ መልቀቁ ያማል፣ አልክድም። ግን አዲስ ትዳር በቪዲዮ ኮል አይያዝም። አምስት ዓመት የኖረ ትዳር ሁለት ዓመት መለያየት ይችላል። የአምስት ወር ትዳር ገና ማን ማታ ፊቱን አዙሮ እንደሚተኛ አያውቅም። እኔ አንድ ክረምት ብቻዬን ወደ ድሬ ተመልሼ ነበር። ስመለስ ሁለታችንም እንግዳ ነበርን።

የቦሌ ሚካኤል | ግንቦት 14

አራት ወር ይለያዩ ያልሽውም አንቺው ነሽ 🙂

ነጋድ | ግንቦት 14

አራት ወር ካምሲን ነው፣ መለያየት አይባልም።

የለገሃር ሰው | ግንቦት 15

ልጆቼ፣ እኔ ሸምገል ያልኩ ነኝ፤ አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፣ ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር። ድሬዳዋ ራሷ የዚያ ባቡር ልጅ ናት። በልጅነቴ ጅቡቲ ስንወርድ አባቴ ጫማችንን አስወልቆ የባሕሩን ዳር ያስረግጠን ነበር፣ «ጨው ያጠነክራል» እያለ። የከተማው ዋና አደባባይ ዛሬም በሰዉ አፍ «ፕላስ ሚኒሊክ» ነው። አማርኛ የሚሰማ ሰው በየደጁ አለ። ቤተ ክርስቲያናችንም አለ። ልጄ፣ ሰው አገር ነው ብለሽ አትፍሪ።

አዲሱ ባቡርም በኛ አቆጣጠር በ2010 መደበኛ አገልግሎት ጀምሯል። ከድሬ እስከ ጅቡቲው ነጋድ ጣቢያ ከ300 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። የሰው ባቡር በየቀኑ ስለማይሄድ ተራውን ጠይቁ፤ የድሬው አዲስ ጣቢያም ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ የባጃጅ ጊዜ ጨምሩበት።

ሲስተር | ግንቦት 15

ነርስ ነኝ፣ አጭር ነገር። ሮቶውንና በርሜሉን ክደኑ። ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ አፍሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው በ2012 እ.ኤ.አ. እዚያው ጅቡቲ ነው። ከገጠር ትንኝ ትለያለች። ከተማ ትወዳለች፣ ንጹሕ ውኃ ያለበት ታንከር ውስጥ ትፈለፈላለች። ጅቡቲ ወባን ልታጠፋ ጫፍ ደርሳ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን በሽተኛው በብዙ ሺህ ይቆጠራል። ቀን የምትነክሰው የደንጊ ትንኝም አለች። አጎበር ያዙ። ትኩሳት ሲይዛችሁ «ሙቀቱ ነው» ብላችሁ አትተኙ። እርግዝና የምታስቡ ከሆነ ደግሞ ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡት።

የገርጂ ሙሽራ | ግንቦት 16

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነጋድ፣ ያንቺን ጽሑፍ ለባሌ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «ከ6 እስከ 10 ሰዓት» የሚለው ጋ ስደርስ ዝም አለ። ከዚያ «እኔ ስለ ኮንቴይነሩ እንጂ ስለዚህ አላሰብኩም ነበር» አለኝ። ይኸው ከተጋባን እንዲህ ያለ ወሬ ስናወራ የመጀመሪያችን ነው።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። እንጀራ እንዴት ነው? ባሕሩስ? ቁምጣው እያዘነ ነው።

ነጋድ | ግንቦት 16

እንጀራ ይሸጣል፣ ጤፉ ከእኛ ስለሚሄድ ግን ይወደዳል። ራሴ እጋግራለሁ ካልሽ አዲስ አበባ የለመድሽውን እርሺው። አዲስ አበባ ሦስት ቀን የሚያድር ሊጥ ጅቡቲ በአንድ ሌሊት ኩፍ ብሎ ከቡሃቃው ይወርዳል፤ ትንሽ ከዘገየሽ ይኮመጥጣል። እርሾ አሳንሺ፣ ማታ አቡኪ፣ ጎህ ሲቀድ ጋግሪ። ቀን ላይ ምጣድ የምትሰኪ ከሆነ ቤቱም ቆጣሪውም ይቃጠላል። ቤት ውስጥ የሚለበሰው ድሪያ የሚሉት ስስ ሰፊ ቀሚስ ነው፣ ሱሪሽን አዲስ አበባ ተይው።

ትራንዚተሩ | ግንቦት 16

ባሕሩን ለኔ ተዉት። ከተማው ሦስት ጎኑ ውኃ ነው፣ ግን ከቤትህ ወጥተህ ጥልቅ የምትልበት አይደለም። ውኃው ሲሸሽ ሩቅ ድረስ ጭቃና ቁራ ነው የሚታየው። ለዋና በመኪና ኮር አምባዶ፣ በጀልባ ሙሻ ደሴት ወይም ማዶ ታጁራ በኩል ሳብል ብላን ትሄዳለህ። ከኅዳር እስከ ጥር አርታ ዳርቻ ዌል ሻርክ ይመጣል። አውቶቡስ የሚያህል ዓሣ ነው፤ አፉን ከፍቶ ያልፍሃል፣ ሰው ግን አይነካም። ከባሕር ሁሉ የሚበልጠው ግን የየመኖች ዓሣ ነው። ከጀርባው ይሰነጥቁትና በርበሬ ለውሰው ቁመቱን ሙሉ ምድጃ ውስጥ ያንጠለጥሉታል፤ ዳር ዳሩ ጠቁሮ ይወጣል። ሰፊ ትኩስ ቂጣ ይዘህ በእጅህ ነው። ሙቀት በጣም ሲሰለቻችሁ አርታ ከተማ ውጡ። ተራራ ላይ ናት፣ ከመቶ ደቂቃ በታች መንገድ ነው፣ ትተነፍሳላችሁ።

የገርጂ ሙሽራ | ሰኔ 2

ወሰንን። እሱ ሰኔ 20 ይገባል። መብራቱ በውሉ ውስጥ ገብቷል። አለቃው መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ «ማን ነው የነገረህ?» ብሎ ጻፈው። እኔ እስከ መስከረም መጨረሻ ሥራዬ ላይ ነኝ። የቦሌ ሚካኤል፣ ያንቺም ነገር ከልቤ አልወጣም። ከመልቀቄ በፊት ደንበኛ እየፈለግኩ ነው።

ፒኬ 12 | ሐምሌ 18

የገርጂዋ፣ ባልሽን አገኘሁት። ዶራሌ በር ላይ ወረፋ ይዤ ሳለ «የክሩ ሹፌር አንተ ነህ?» አለኝ። ደህና ነው። ከስቷል። አንገቱ ላይ እርጥብ ፎጣ ጠምጥሞ ወረቀት ይዞ ይሮጣል። ቁምጣውን ጠየቅኩት፣ «አታንሣብኝ» አለኝ።

የገርጂ ሙሽራ | ኅዳር 9

ጥቅምት 20 ገባሁ። ዛሬ ሃያኛ ቀኔ ነው፣ ቃል ስለገባሁ ልጻፍ።

በአውሮፕላን ነው የመጣሁት። በሩ ሲከፈት «ይኼ ነው?» አልኩ፤ ሙቀቱ እንደ ድሬ ማለዳ ነው። ባሌ «ሐምሌን አላየሽም» ይላል፣ በቀን ሦስት ጊዜ ይላል። ስድስት ኪሎ ቀንሷል። ብቻውን በነበረበት ጊዜ ከሥራ ሲገባ መሬቱ ላይ ውኃ አፍስሶ ሰሌን ዘርግቶ ነበር የሚተኛው። ይህን በስልክ አልነገረኝም ነበር። ተቆጣሁት። «ብነግርሽ ትመጪ ነበር?» አለኝ። ለዚህ መልስ አላገኘሁም።

ቤታችን ከሦስት ፎቅ ሁለተኛው ነው። ሮቶው ተከድኗል፣ ሲስተር። የበሩ ቁልፍ ከአሁኑ ዝገት ጀምሯል፤ የአየሩ ጨው ብረት ይበላል።

የመጀመሪያ ሳምንት ውርደቴን ልንገራችሁ። አንድ አማርኛ የሚችል ሰው ኤሲውን ሊያጸዳልን «አራት ሰዓት እመጣለሁ» አለኝ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ጀምሬ ቡና አቀራርቤ ጠበቅኩ። 4 ሆነ፣ 5 ሆነ፣ 6 ሆነ። ተናድጄ ደወልኩ። «እመቤት፣ ገና ነው እኮ!» አለኝ። የሱ አራት ሰዓት በፈረንጅ ነው፤ በኛ 10 ሰዓት ማለት ነው። አማርኛው የኛ፣ ሰዓቱ የነሱ። አሁን ቀጠሮ ሲሰጡኝ «ፀሐይ ሲወጣ ነው ሲገባ?» እላለሁ።

ሊጡ እንዳልሽው ነው ነጋድ። መጀመሪያ ጊዜ ማታ አቡክቼ ተኛሁ። ሌሊት ለውኃ ስነሳ እግሬ አንድ ነገር ረገጠ። ከቡሃቃው ወርዶ፣ ወለሉን አቋርጦ፣ ፍሪጁ ሥር ገብቷል። ሁለታችንም በሌሊት ተንበርክከን ሊጥ ስንጠርግ ከሠርጋችን ወዲህ እንደዚያ ስቀን አናውቅም።

ከ6 እስከ 10 ሰዓት ያለውን ጉዳይ። አዲስ አበባ ያለ አንድ መድኃኒት ቤትና አንድ ዳቦ ቤት ሂሳባቸውን እንድይዝላቸው ተስማምተናል። ደረሰኙን በፎቶ ይልኩልኛል፣ እኔ መጋረጃዬን አውርጄ እሠራለሁ። ክፍያው ከድሮ ደሞዜ ግማሽ አይሞላም። ኢንተርኔት ሲዘገይ ስልክ ላይ እጮሃለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ማታ ማታ ፈረንሳይኛ እማራለሁ። እስካሁን ሽንኩርት መግዛትና መከራከር እችላለሁ፣ ቅናሽ ግን አይሰጡኝም። ሁለት ቀን ያለ ምክንያት አልቅሻለሁ። አንደኛው ሰማዩ ጠቁሮ ዝናብ መጣ ብዬ ወደ በረንዳ ስሮጥ አቧራ ሆኖ ያለፈ ዕለት ነው።

ቁምጣው ባለፈው ዓርብ ረጠበ። ሙሻ ሄድን። ባሌ ዋና እችላለሁ ሲል የኖረ ሰው ነው። እስከ ወገቡ ገብቶ ቆመ። አልስቅም ብዬ ነበር።

የቦሌ ሚካኤል | ኅዳር 9

አነበብኩት። ግማሽ ደሞዝ ዜሮ አይደለም። ሦስተኛ ደንበኛ እኔ ነኝ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

ነጋድ | ኅዳር 10

ፍሪጁን ጎትታችሁ ከኋላው እዩ። እዚያ የደረቀ ሊጥ ጉንዳን ይጠራል።

ፒኬ 12 | ኅዳር 10

ሐሙስ ከሞጆ እነሳለሁ። ምን ልጫንላችሁ?

የገርጂ ሙሽራ | ኅዳር 10

ቃሪያ፣ ሁለት ኪሎ፣ ጠንካራውን መርጠህ። ባሌ ደግሞ ድርቆሽ ብሎሃል። እናቴ ደውላልህ ሌላ ዕቃ ከጨመረችብህ ተቀበላት፣ እምቢ ብትላት አትሰማህም።